ጠጉሩን የለወጠው ከሰል

ይድረስ ለእኅቴ ለባንቺዓለም፣

እንዴት ነሽልኝ እታለም? የድሬዳዋው ሙቀት በረደልሽ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ኃይለ ሚካኤልና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ጤናዬ ለክፉ አይሰጥም፤ ሌላው ነገሬ ግን ደኅና አይደለም። ስልክ ደውዬ ልነግርሽ ሦስቴ ሞከርኩ፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ በወረቀት ልናዘዝልሽ።

የምታውቂያቸው ፈረንጆች አዲስ አበባን ለቀው ሲሄዱ ከእነሱ ተቀብለሽ የላክሽልኝን፣ ፑድል የሚሉትን ባለ ከርዳዳ ጠጉር ቡችላ ታስታውሻለሽ። ድፍን ጥቁር ስለነበር ከሰል አልነው። የቢቸናዋ አከራዬ ውሻ በግቢዬ አይገባም ስላለችኝ፣ ሞጣ ወስጄ ለክርስትና አባቴ ለአያ ውበቴ አደራ ሰጠኋቸው። ዓመት ከመንፈቅ አሳደጉት። ጠጉሩ እንደ እኛ አገር ውሻ አይረግፍም፤ እየተጠቀለለ ያድጋል፣ ካልተበጠረም ይቋጠራል። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው በሚዶ ሲያበጥሩት ጎረቤቱ ይስቅባቸው ነበር አሉ።

መስከረም ላይ ግቢ ያለው ቤት ተከራይቼ ልወስደው ሄድኩ። የክርስትና ልጄ ሲመጣ አምሮበት ያግኘው ብለው በዋዜማው ሸልተውታል። የቀረበልኝ ውሻ ግን አመድማ ነው። እየዘለለ እጄን ሲልሰኝ እንኳ፣ ይሄ ለማንም ጅራቱን ይቆላል አልኩ። ጥቁሩን ሸጠው ሌላ ተክተዋል ብዬ ደመደምኩ። እንዲህ ያለ ጠጉር ያለው ሌላ ውሻ ሞጣ ውስጥ ከየት ይመጣል ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

ይህንንም በጓዳ አልተናገርኩትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኪዳነ ምሕረት ሰንበቴ እንደ ተቀመጠ ብድግ ብዬ፣ አደራዬን በልተዋል አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ እንግዲህ ይማሉለት አሉ። እታለም፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘው ማሉልኝ። ዕድሜ ልካቸውን ለእውነት እንኳ ምለው የማያውቁ ሰው ናቸው። እኔ ውሻውን ጥዬ፣ ተበዳይ መስዬ ቢቸና ገባሁ።

መሥሪያ ቤታችን ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ሊድያ የምትባል የእንስሳት ሐኪም አለች። እኔም በሬና በግ ሳክም ስምንት ዓመቴ ነውና እንደ ጀብዱ አወራሁላት፤ ለማስረጃ ያነሣሁትን ፎቶም አሳየኋት። አልሣቀችም። በዚህ ዘር ጥቁር ተወልዶ ከፊቱና ከእግሩ እየጀመረ ብርማ የሚሆን እንዳለ፣ ሥሩ ሲነጣ ጫፉ ጥቁር እንደሚቆይ፣ ሲሸለት ያ ጥቁር ጫፍ አብሮ እንደሚሄድ አስረዳችኝ። ጆሮው ግን ይዘገያል አለች። ፎቶውን አጉልቼ ባየው ጆሮው ጥቁር ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትናንት ሲመሻሽ፣ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ ገብቼ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ባለቤታቸው እማማ ፈንታነሽ ድንጋዩን ሊያወርዱልኝ እጃቸውን ሲዘረጉ አያ ውበቴ ከለከሏቸው።

«በሰንበቴ ፊት አዋርደኸኝ በጓሮ ልትታረቀኝ መጣህ?» አሉኝ።

ከዚያም ራት አቀረቡልኝ፣ መኝታ አስነጠፉልኝ፤ ከቁጣ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ። ከሰልም እግሬ ሥር ተኝቶ አደረ፤ እሱ ቂም አያውቅም።

ነገ ሰንበቴ አለ። ያንኑ ድንጋይ ተሸክሜ በሰው ሁሉ ፊት እቆማለሁ። እንደምፈራ አልደብቅሽም። አንቺ በፍቅር የላክሽልኝን የሰው ስም ማጉደፊያ አድርጌዋለሁና ይቅር በይኝ።

ለኃይለ ሚካኤል፣ ለንጋትና ለትንሹ አምላኩ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማማ ፈንታነሽ ጉንጭሽን ስመውሻል። አያ ውበቴን፣ ለእታለም ምን ልበልልዎ ብዬ ብጠይቃቸው፣ የእሳቸው ሰላምታ በእኔ እጅ የሚጻፈው ነገ ከሰንበቴ ስመለስ እንደሆነ ነገሩኝ። ከስሜ በታች ባዶ ቦታ ትቼላቸዋለሁ።

ወንድምሽ ስጦታው
ሞጣ፣ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.