የቀኝ የኋላ ጎማችን ጤንነትና የጉንቮር መቀመጫ

ለክቡር ሆኮን ብራትላንድ
የክልሉ አውቶቡሶች መሥሪያ ቤት የጎማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ ለወሽመጡ ዳር ነዋሪዎች፣ በባሕር ላይ ላሉ ዓሣ አስጋሪዎችና ወሬ ዘግይቶ ለሚደርሳቸው የተራራ ማዶ ዘመዶቻችን ሁሉ የሚከተለው በታላቅ ክብር ይነገራል፦ ከሄስታቪክ ወደ ሉንደይድ የሚመላለሰው አውቶቡሳችን የቀኝ የኋላ ጎማ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። ጥርሱ አላለቀም፣ ነፋሱ አልጎደለም፣ ሌሊቱንም በሰላም አድሯል። ደስታው የጠናበት ሰው ከደጁ ባንዲራ መስቀል ይችላል።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሥርዎ ተለይቶ የማያውቀው ወንበርዎስ እንደምን አሉ? እኔ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎትም ከልቤ ነው፤ ሰው የሠራውን ሥራ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሲያረጅ ነውና።

ስሜ ኢንግቫልድ ስቶርሃውግ ይባላል። ጡረታ የወጣሁ፣ የልጅ ልጆቼ «አባባ ደግሞ ጀመረው» የሚሉኝ፣ በአውቶቡሱም ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ የገባውን የወጣውን ስነካካ የምውል ሽማግሌ ነኝ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ለመለመን ነው፤ ይኸውም ጎረቤቴ ጉንቮር በአውቶቡሱ የመጨረሻ ረድፍ፣ በቀኝ በኩል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ወዳለው መቀመጫዋ ትመለስ ዘንድ ነው። ልመናው ትንሽ ስለሆነ ለመሥሪያ ቤትዎ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ በደሌን በተራ ቁጥር አሰናድቻለሁ።

በቅድሚያ ግን መለካትን የምጠላ እንዳይመስልዎት። በከባድ ተሽከርካሪ ላይ እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመውን ጭነት ያላወቀ ሰው ጎማው መቼ እንደሚበላ አያውቅም፤ ይህን ያላወቀ ደግሞ አንድ የበረዶ ቀን ገደል ውስጥ ሆኖ ያውቀዋል። የወደባችን የዓሣ መኪና ሣጥኑን ሁሉ ወደ አንድ ጎን እየጫነ ሲመላለስ ከርሞ፣ ጎማው በዚያው ጎን እንደ ራሴ ተመልጦ፣ በመጨረሻ ሙሉ ጭነቱን ለባሕር ወፎች አከፋፍሏል። ስለዚህ ባለፈው ፀደይ መሥሪያ ቤትዎ በአውቶቡሳችን በየጎማው ላይ የጭነት መለኪያ ሲያስገጥም ደስ አለን። እስከዚያ ድረስ ሾፌራችን አርንፊን ጎማውን በጫማው ረገጥ አድርጎ «ይችላል» ይል ነበር፤ የእኛ ሳይንስ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

አንደኛ። ከመለኪያው ጋር ስለላኩልን ወጣት መሐንዲስ ስለ ትሪግቬ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጨዋ ልጅ ነው። ፈጣሪም ሲሠራው ጭቃ አልቆጠበም። ከመሣሪያው ጋር ሁለት ጥቁር ሣጥኖች ነበሩት፤ አንዱ ባትሪ፣ አንዱ ምን እንደሆነ እግዚአብሔርና እርስዎ ታውቃላችሁ። እያንዳንዱን ሣጥን እሱና አርንፊን ሁለት ሆነው፣ እያቃሰቱ፣ እንደ ሬሳ ሣጥን ተሸክመው ያስገቡ ነበር። የሚያስቀምጡትም የት ነው? በቀኝ በኩል፣ ከኋላ፣ ከጎማው በላይ። ልጁ የሚቀመጠውስ? እዚያው፣ ሣጥኖቹን በጉልበቱ መካከል አድርጎ፣ ጀርባውን ለጉንቮር ሰጥቶ ከእሷ ፊት ባለው መቀመጫ ላይ። ልኬቱ እስኪያልቅ ድረስ ጠዋት ማታ አብሮን ተመላለሰ፤ ዓይኑም ከኮምፒውተሩ ላይ አልተነቀለም። ኮምፒውተሩም አየና ተነበየ፦ የቀኙ የኋላ ጎማ ከወንድሞቹ ሁሉ አብልጦ ይሸከማል፣ በረዶ ሳይጥል ይበላል።

መሣሪያው አልዋሸም፣ ክቡር ሆይ። ሸክም ነበረ፤ ሸክሙ ግን ራሱ ለኪው ነበር። ልጁ ሸክሙን ሊፈልግ አንድ ጊዜ ዞር ሲል ከኋላው የተቀመጠችውን ጉንቮርን አየ፤ በጉልበቱ መካከል ያሉትን ሣጥኖች አላየም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ለምን አልነገራችሁትም ይሉ ይሆናል። አልጠየቀንማ! በእኛ ሰፈር ያልተጠየቀ ሰው አይናገርም፤ ነውር ነው። የጎረቤታችን ጀልባ ሲሰጥም ብናይ እንኳ አስቀድመን ስለ ዝናቡ ጥቂት እናወራለን፣ ከዚያ በኋላ «ዛሬ ጀልባህ ዝቅ አለች መሰለኝ» እንላለን። በአውቶቡሱ ውስጥ ያልታዘበ አልነበረም። እኔም አጠገቤ ለነበረው ለጡረተኛው ጀልባ ጠጋኝ «ልጁ ራሱን እየመዘነ ነው» ብዬ ሹክ ብለው፣ «ተወው፣ የተማረ ሰው ነው» አለኝ። እኔም ተውኩት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ጎተራ ሞልቶ ይፈሳል።

ሁለተኛ። ከዚህ በኋላ በአውቶቡሱ በር ላይ ስላስለጠፉልን ማስታወቂያ እጅ እነሣለሁ። «ለጎማ ዕድሜ ሲባል ክብደታቸው ከፍ ያለ ተሳፋሪዎች ከፊት በግራ በኩል እንዲቀመጡ በትሕትና ይጠየቃሉ» ይላል። ያቺ «በትሕትና» የምትለው ቃል እንዴት አማረች! በር ላይ የተለጠፈን ወረቀት ሰው ሁሉ ስለ ጎረቤቱ ነው ብሎ ያነብበዋል እንጂ ስለ ራሱ ነው ብሎ አያነብምና፣ መሥሪያ ቤትዎ ይህን አስቀድሞ ተረድቶ ኖሮ ለአርንፊን ስልክ ደወለ፤ «ሄስታቪክ ላይ የምትሳፈረዋን ሴትዮ» ብሎም ነገሩን ግልጽ አደረገለት።

ጉንቮር ቀጭን ናት አልልም፤ ብል እሷ ራሷ በጥፊ ትለኛለች። ያን ዕለት ጠዋት እንደ ወትሮዋ ለባሏ የጋገረችውን ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣና ቡናማ አይብ በቆርቆሮ ሣጥን ይዛ ተሳፈረች። አርንፊን፣ ከአየር ጠባይ ሌላ ከተሳፋሪ ጋር ተነጋግሮ የማያውቀው አርንፊን፣ ጆሮው ቀልቶ፣ መሪውን እያየ፣

«እትዬ ጉንቮር፣ ይቅርታ፣ ከቢሮ ነው የመጣው፣ እኔ የለሁበትም… ዛሬ ከፊት ቢቀመጡ፣ በግራ በኩል» አላት።

«ለምን?»

«ለጎማው ነው።»

ጉንቮርም የቆርቆሮ ሣጥኗን አቅፋ ወደ እኛ ዞር አለችና፣ «ለጎማው ንገርልኝ፤ እኔ አንድ ባል፣ አምስት ልጅና ይህን ሁሉ ወሬኛ ጎረቤት በሁለት እግሬ ተሸክሜ ነፋሴ አልወጣም። እሱ አንዲት አሮጊት ከከበደችው ጡረታ ይጠይቅ!» አለችው። አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ፤ መስኮቱ ሁሉ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ። እሷ ግን አርንፊን በእሷ ምክንያት እንዳይወቀስ ብላ ከፊት በግራ በኩል እንደ ንግሥት ቁጭ አለች።

ሦስተኛ። ጉንቮር የመጨረሻውን የቀኝ መስኮት የመረጠችው ጎማዎን ለመጉዳት አስባ አልነበረም። ባሏ ቶርላይፍ ሉንደይድ መግቢያ ላይ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ይኖራል። ሐሳቡ እየከዳው ነው፤ የልጆቹን ስም ረስቷል፣ ቁርስ መብላቱንም ይረሳል። አንድ ነገር ግን አልረሳም ነበር፤ አውቶቡሱ በመጦሪያው ደጅ ሲታጠፍ የቀኝ ጎኑ ወደ እሱ መስኮት ይዞራል፣ በመጨረሻውም መስኮት ጉንቮር ትታያለች። እሱም ባርኔጣውን አድርጎ ቆሞ ይጠብቅና ስትታየው ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ያውለበልባል። ሌሎቻችንም ሳንጠየቅ አጸፋውን እናውለበልብ ነበር፤ በእኛ ሰፈር ሳንጠየቅ የምናደርገው ብቸኛ ነገር ይህ ነው።

ያን ቀን አውቶቡሱ ሲታጠፍ ቶርላይፍ የመጨረሻውን መስኮት አየ። ባዶ ነው። ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወረደና በእጁ ይዞት ቀረ። ጉንቮርም ከግራ በኩል፣ በሰዎች ራስ መካከል አንገቷን አስግጋ፣ ይህን አየች። ገብታ ዋፍሉን ስታቀርብለት «ይቅርታ እመቤቴ፣ ሚስቴን እየጠበቅኩ ነው» አላት ብላ የመጦሪያው አስታማሚ ነግራኛለች።

በማግሥቱ ጉንቮር ፌርማታው ላይ አልነበረችም። እስከ ዛሬም የለችም። እኔ በመኪናዬ ላድርስሽ ብዬ በሯን ባንኳኳ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተው ኢንግቫልድ፣ የአንተም ጎማ ይበላል» አለችኝ። እንደ ቀልድ አልነበረም። ቀልድ የሆነውንና ያልሆነውን ለመለየት ከእኔ የተሻለ ሰው በወሽመጡ ዳር አይገኝም። ቶርላይፍ ግን ዛሬም ባርኔጣውን አድርጎ ይቆማል፤ እኛም ዛሬ ቀና ብለን አናይም።

አራተኛ። በረዶ ከጣለ ወዲህ መሥሪያ ቤትዎ ለጋዜጣው ስለሰጠው መግለጫ ከልብ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ። ትንቢት የተነገረበት ጎማ እንዳልተበላ፣ ይህም የተገኘው «በተሳፋሪዎች አቀማመጥ ማሻሻያ» እንደሆነ አነበብን። ጎማው ያልተበላው ትሪግቬ ሣጥኖቹን ይዞ ወደ ከተማ ስለተመለሰ መሆኑን ላሳስብዎት አልደፍርም፤ አልጠየቁኝምና። ጎማ ለማዳን ሚስትን ከባል መለየት በሌሎች አገሮች እስካሁን አልተሞከረም፤ ክልላችን ቀዳሚ በመሆኑ ኩራት ይሰማኛል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ወረቀቱን ከአውቶቡሱ በር ላይ በገዛ ጣትዎ ይላጡት፤ ጥፍር ካለዎት። ከዚያ በዚያው አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ሄስታቪክ ይምጡ፤ በመጨረሻው ረድፍ በቀኝ በኩል ይቀመጡ፤ ለጎማው አይስጉ፣ የእርስዎን ሥራ የቀመሰ ሰው ሁሉ እርስዎ ምንም ሸክም እንደማይጨምሩ ይመሰክራል። የጉንቮር ቤት ከፌርማታው በላይ ቀይ ነው። ደጇ ላይ ባርኔጣዎን ያውልቁና «ተሳስተናል» ይበሉ። ይህች ቃል አጭር ናት፣ አፍ ላይ ግን ትከብዳለች፤ አስቀድመው ቢሮዎ ውስጥ በሩን ዘግተው ይለማመዷት።

ይህ ካልተመቸዎት ደግሞ መለኪያውን ከአውቶቡሱ ያስፈቱና ከወንበርዎ እግር ሥር ያስገጥሙት። ምንም ሳይሸከም ይህን ያህል ያረጀ ወንበር ለሳይንስ ትልቅ ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ትሕትናዎ፣ ከሁሉም በላይ አንድን ጎማ ከአንዲት ሴት ስላዳኑልን፣ ምስጋናዬ ከዚህ እስከ ሉንደይድ፣ ከሉንደይድም እስከ ቢሮዎ ደረጃ ድረስ ተነጥፎ ይጠብቅዎታል። እንዳያዳልጥዎት እየተጠነቀቁ ይርገጡት።

ለእያንዳንዱ ጎማዎ ረጅም ዕድሜ የሚጸልየው፣ በመዝገብዎ ላይ «መካከለኛ ጭነት» ተብሎ የሰፈረው፣ ለምስጋና ጉልበቱ ቢደክምም ለነገር ያልደከመው ታዛዥዎ

ኢንግቫልድ ስቶርሃውግ
ሄስታቪክ፣ ከሾፌሩ ኋላ ባለው መቀመጫ ላይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የልጅ ልጆቼ አባባ ውሸት ሳይጨምር ደብዳቤ አይጽፍም ይላሉ፤ እርስዎም ነገሩን ሲያጣሩ አንድ የማይገኝ ነገር ስላለ አስቀድሜ ልንገርዎ። ጉንቮር ለአርንፊን የሰጠችው መልስ፣ ያ ስለ ጎማው ጡረታ የሚለው፣ የእኔ ፈጠራ ነው። ቤቴ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ ጥሩ መልስ ነው፣ ያን ጠዋት አፌ ላይ ቢመጣልኝ ኖሮ እኔ ራሴ እሰጥላት ነበር። የሳቀ ሰው አልነበረም። ቀና ያለ ሰውም አልነበረም። ጉንቮር «ለምን?» አለች፣ አርንፊንም «ለጎማው ነው» አላት። እሷም የቆርቆሮ ሣጥኗን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ «እሺ» አለች።