ለካላንደር ሽፋን የታሰበው ነጭ ወፍ

ጥቅምት 9፣ 1987
ፎቶ ቤቱ በመታወቂያ ፎቶ ተጨናንቆ ዋለ። "ቀና በል፣ አትሳቅ" ስል ጉሮሮዬ ደረቀ። ከሰዓት ከክልሉ ቢሮ አንድ ሰው መጣ። አዲሱ ክልል ካላንደር ሊያሳትም ነው፤ ለሽፋኑ የባሮ ወንዝ ወፍ ይፈልጋሉ። "እናትነሽ፣ ካማረ የቢሮው የፎቶ ሥራ ሁሉ ያንቺ ነው።" እሺ አልኩ። ወፍን ማን ቀና በል ይለዋል?

ጥቅምት 12
ከዓሣ አጥማጁ ከጋች ጋር በጀልባው ወደ ኢታንግ ወረድን። ውሃው መጉደል ጀምሯል፤ አሸዋው ላይ የወፉ ብዛት ጉድ ነው። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ፊልሙን የጨረስኩት በከንቱ መሰለኝ። አንድ ነጭ፣ እግረ ረጅም ወፍ ግን ቆመልኝና አነሳሁት። አየኝ እንጂ አልሸሸም።

ለምሳ የቀቀልኩትን እንቁላል ለጋች ዘረጋሁለት። እሱ እጁን ሰበሰበ።
"አልበላም። እኔ መንታ ነኝ።"
"መንታ እንቁላል አይበላም?"
"እኛ ኑዌር፣ መንታ ወፍ ነው እንላለን። ወፍ ወፍ አይበላም።"
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። መንታህስ የት አለ? አልኩት። "በረረ። ጡት ስንጠባ።" ሞተ ማለቱ ነው? ሞተ ግን አላለም… እኔም እንቁላሉን ለመብላት አፈርኩ።

ጥቅምት 13
ፊልሙን አጠብኩ። በደንብ የወጣው ያ ነጩ ብቻ! ሌላው ጭጋግ ነው።

ጋች ዓሣ ሊያደርስልኝ ገብቶ ፎቶውን ገመድ ላይ አየው። ብዙ ቆመ። "ለቢሮ አትስጪ። መጀመሪያ እናቴ ትየው።" ወፍ እኮ ነው! ልል ነበር። ቢሮው ነገ ይጠብቀኛል። ለአንድ ወፍ ብዬ እንጀራዬን ልተው? ማንን ላማክር? አበደች ይሉኛል።

ጥቅምት 14
ቢሮ አልሄድኩም። ለምን? እኔ እንጃ።

ጥቅምት 16
የቢሮው ሰው ራሱ መጣ። ፊልሙ ተበላሸ አልኩት። ዋሸሁ። "እንግዲያው ከመቱ ከተማ ባለሙያ እናስመጣለን" ብሎ ወጣ።

ጥቅምት 19
ጋች እናቱን ይዞ መጣ። ኛሙዎን ይባላሉ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ፎቶውንም ሰጠኋቸው። የወፉን አንገት በጣታቸው ዳበሱ። በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ።
"አድጓል፣ ትላለች" አለ ጋች።
ምን ይባላል? ተምሬ ያደግኩት ሃይማኖት ይህን አያውቅም። ደግሞ ሐሰት ነው ለማለትም አፌ አልታዘዝ አለኝ። ኔጋቲቩን በወረቀት ጠቅልዬ ጨመርኩላቸው።

በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።
"ስታይው በልቶ ነበር ወይ፣ ትልሻለች።"
"በልቷል በላቸው" አልኩ። "ትልቅ ዓሣ ሲውጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ።"