በጎማ የጠቀለልኩት ሽቦ

እሑድ፣ ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ አዋሳ

የልጄ ባል ዛሬ በገዛ ቤቴ ተዳፈረኝ። ፈረንጁ ጎረቤታችን ወደ አገሩ ሲሄድ የተወልኝ የፀሐይ መብራት ከጠፋ ሳምንቱ ነው።

“አባባ፣ የሽቦው መጋጠሚያ ይበየድ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ከራስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስልዎትም” አለኝ።

“የመብራቱን ባትሪ የገደልከው አንተ ነህ፤ ውጣልኝ!” አልኩት።

ምሳ ሳይቀምስ ፒያሳ ወዳለው የኪራይ ክፍላቸው ሄደ። እናቷ ዘንድ ልትወልድ የመጣችው ልጄም እያለቀሰች ተከተለችው።

ከሰዓት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ባትሪው ደህና ነው። መጋጠሚያውን በእጄ ጠምዝዤ በብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ በካላማዳሪያ፣ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ስፈታው ውሃ አቁሯል፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት በልቶት ብጥስ አለ። አዲስ ጫፍ ልጬ አሰርኩት፤ አምፖሉ በራ።

“ምኑ ነበር?” አለች ባለቤቴ።

“ሽቦው አርጅቶ ነው።”

“ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ? ሂድና አምጣቸው እንጂ።”

ለልጄ የተነጠፈው አልጋ ባዶውን ተቀምጧል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እዚህ ጽፌዋለሁ። በአፌ ግን ይህን ነገር ለማንም፣ ለልጄም ቢሆን፣ ዳግም አላነሳም።