ወረቀት የሚበላው ጉማሬ

ማክሰኞ፣ ጁን 4
ዝናብ። ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት በኋላ የጉማሬውን ጥርስ በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ። ዱዌን በጋራዡ በር አንገቱን አስግጎ፣ "ዛሬም ከቆሻሻ መጣያሽ ጋር ነሽ?" አለኝ።
ባሌ አልተሳሳተም። በጉማሬ መልክ የተሠራ ቆሻሻ መጣያ ነው። በዊሎ ቤንድ መዝናኛ ፓርክ ልጆች ወረቀት ወደ አፉ ሲያስጠጉለት ሞተሩ ስቦ ይውጠው ነበር። እኔ በልጅነቴ ካልሲዬን አብልቼዋለሁ። ፓርኩ ፈርሷል... ጉማሬው እኔ ጋ ነው።

ዓርብ፣ ጁን 7
ሚስተር ሃስኬል ደወሉ። የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ራሳቸው! በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሊያዩት ይመጣሉ። ካማራቸው ጉማሬዬ በዓመታዊው ኤግዚቢሽን ዋናው አዳራሽ ይቆማል። የእኔ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ኮሪደሩ ጥግ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው መንገድ የጠፋው ሰው ብቻ ነው።
"ቀለሙ የጥንቱ ነው?"
"የጥንቱ ነው። ከንፈሩ ላይ ልጆች የደባበሱት ተልጦ ይታያል።"
"እንዳይነኩት።"
ለዱዌን ነገርኩት። "ይህን የተላጠ ነገር ሊያዩ?" አለ። ከዚያ ጉማሬውን ዞሮ ዞሮ አየው። ምን እያሰበ ይሆን?

ዓርብ፣ ጁን 14
እህቴ ዘንድ አድሬ ተመለስኩ። ዱዌን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል። እጁ አረንጓዴ ነው።
ለምን አረንጓዴ?
"ዓይንሽን ጨፍኚ።"
ጨፈንኩ። የቀለሙ ሽታ ቀድሞ ነገረኝ።
"ፋቅሁት፣ አለሰለስኩት፣ ደግሜ ቀባሁት። የትራክተር ቀለም ነው፣ በረዶም አይበግረው። እንግዳ በተላጠ ነገር ይቀበሏል እንዴ?"
ከተጋባን ጀምሮ ለስብስቤ ብሎ ጣቱን እንኳ አንቀሳቅሶ አያውቅም... ዛሬ አንቀሳቀሰ።
"ያበራል" አልኩት። ውሸት አይደለም። ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ጁን 15
ሚስተር ሃስኬል ነጭ ጓንት አጥልቀው መጡ። በሩ ሲከፈት ጓንታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።
"ማነው እንዲህ ያደረገው?"
ዱዌን ደረቱን ነፍቶ ሊመልስ ሲል ቀደምኩት። "እኔ ነኝ።"
"ወይዘሮ ሮንዳ... የፋቁት እኮ የልጆቹን እጅ ነው። ክብሩ እሱ ነበር። አሁንማ እንቁራሪት ሆኗል።"
የጋገርኩላቸውን ኬክ ሳይቀምሱ ሄዱ።
ዱዌን በሩን ዘግቶ፣ "ለምን ዋሸሽ?" አለኝ።
"ኬክህን ብላ።"
አልበላም። ዱዌን ኬክ ሲተው አይቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጁን 17
ዱዌን የድሮ የፓርክ ፎቶዎችሽን አምጪ አለኝ። አንድ በአንድ አየ።
"ይቺ ማናት?"
"እኔ።"
"በአንድ እግር ካልሲ?"
ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመና የጉማሬውን ከንፈር በመዳፉ ዳበሰ። "እዚህ ጋ ነበራ እጅሽ" አለ።

እሑድ፣ ጁን 30
ኤግዚቢሽን። ያው ኮሪደሬ ጥግ፣ ያለ ጉማሬ። ዱዌን ግን መጣ። ማንም አልጠራውም፤ ሸሚዙን ተኩሶ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።
አንድ ሰውዬ ከጠረጴዛዬ ላይ የፓርኩን ባቡር የትኬት መሸጫ ሰሌዳ አነሳና አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጥጉን ሊጠርግ ሲል፣ ዱዌን እጁን ለቀም አደረገው።
"ወንድሜ፣ ተው።"
"ቆሻሻ እኮ ነው።"
"ቆሻሻ አይደለም። የሰው እጅ ነው። ተቀመጥ፣ ላስረዳህ።"
አስረዳው። ሌላ ሰው ቆመ፣ ከዚያ ሌላ... ከዋናው አዳራሽ ሳይቀር መጡ። ከሚናገረው ግማሹ ስህተት ነበር። አላረምኩትም። ወንበሬን ወደ እሱ ጠጋ አደረግኩ።