ቢላዋን በጆሯቸው ይስሉ የነበሩት አቶ መርዳሳ ነገሪ
1942 – 2017 ዓ.ም.

የቢላዋ ስለት የሚጀምረው የት ላይ ነው? ዱሬቲ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ አቶ መርዳሳ ነገሪ ይህን ጠየቋት። መልሱን ሳይነግሯት ድንጋያቸውን ማዞር ቀጠሉ።

አቶ መርዳሳ ከአባታቸው ከአቶ ነገሪ ጉተማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጂጂ ቱሉ፣ ሞጆ አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌ መስከረም 21 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የመቁጠር ዕድል አላገኙም። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከአንድ አንጥረኛ ዘንድ የብረት ሥራ ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. አዳማ ገብተው ገበያው አጠገብ በእግር የሚዞር የመሳያ ድንጋይ ተከሉ። በ1972 ዓ.ም. ከወ/ሮ ደራርቱ ገመቹ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ጋዲሳንና ዱሬቲን ወለዱ።

የአዳማ ነፋስ ከሰዓት በኋላ አቧራውን ሲያነሳ፣ ከጣሳው ውኃው ድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ ተራ የሚጠብቁትን ሥጋ ቆራጮች አግዳሚው ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። አቶ መርዳሳም ዓይናቸውን ጨፍነው ብረቱን ያዳምጡታል። ከቢላዋው ጀርባ ወደ ታች እየሳሳ የሚወርደውን ሰፊ ጎን «ቁልቁለት»፣ ከግርጌው ያለችውን ጠባብ ተዳፋት «ከንፈር»፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር «ትከሻ» ይሉት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ድምፁ ይወፍራል፤ ከንፈሯ ላይ ይቀጥናል። ለሥጋ የሚሆነውን ከንፈር አስተኝተው፣ አጥንት የሚነካውን ቀና አድርገው ይስላሉ። ለዓመታት ከንፈሯን ብቻ እየሳለ ትከሻውን ያወፈረ ደንበኛ ሲመጣ፣ «ወንድሜ፣ አፉስ ደህና ነው፤ በዚህ ትከሻው ግን በር አያስገባውም» ይሉት ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። ያን ጊዜ የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ነበር፤ እነዚያ ስሞች የትም ሳይጻፉ ከእሳቸው ጋር መቀበራቸው። ዱሬቲም የሁለት ልጆች እናት ሆና ገና ማንበብ አትችልም ነበር። ስለዚህ የጎልማሶች ትምህርት ገባች። አባቷ ሳይሰሙት እንዳያልፉ እየፈራች፣ አንዱን ቃል አምስት ጊዜ እየሰረዘች ስሞቹን ከላይ ወደ ታች ደርድራ ጻፈቻቸው። ባለፈው የካቲት የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው አጠገባቸው ተቀምጣ አነበበችላቸው። እንደ ሰው ገላ መስሏት ከንፈርን ከትከሻ በላይ አስቀምጣው ነበር።

«ዱሬ፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ» አሏት እየሳቁ፣ «ቢላዋ እኮ ዋናተኛ ነው፤ በአፉ ነው የሚጠልቀው። ገልብጪው።»

ገለበጠችው። ስለቱስ የት እንደሚጻፍ ጠየቀቻቸው።

«ስለት የራሱ ቦታ የለውም» አሏት። «ከዚህና ከዚያ ጎን ያሉት ሁለቱ ከንፈሮች የተገናኙበት ነው።»

ይህንንም ጻፈችው። ወረቀቱን ተቀብለው ሌሊቱን ደረታቸው ላይ አሳደሩት።

አቶ መርዳሳ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። የሁለት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አቧራ በማይደርስበት ጥላ ሥር ያሳርፍልን፤ ልትሸኟቸው የመጣችሁትንም ሁሉ በሰላም ወደ ቤታችሁ ይመልሳችሁ።

ጋዲሳ ደረቅ ወደቡ ውስጥ ሥራ ካገኘ ወዲህ ኑሮው ሞጆ ነው። አዳማ፣ ድንጋዩ ዘንድ የቀረችው ዱሬቲ ናት።