ትንፋሽ የሚያውቁት

መስከረም 21
ዛሬም ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ባዮሎጂ አስተማርኩ። ጠዋት እማዬ እንደ ልማዷ ከላማችን ከቡሬ ጡት ሥር መዥገር ስትለቅም አገኘኋት። እየለቀመች ከእበቱ ጋር እንሰቱ ሥር ትጥላለች። ቡሬ እርጉዝ ናት፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ጥጃው የእኔ የርብቃ ነው ተብሏል!
ባቄላ የምታክል አንዲት መዥገር ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ። አፉን በነጠላ ቁራጭ አሰርኩት።

መስከረም 29
ጉድ ነው። መዥገሯ እንቁላል እየጣለች ነው... ቀይ ጤፍ የመሰለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ። ሦስት ቀን ሆናት፣ አላቆመችም። የት ይዛው ነበር?

ጥቅምት 8
ተጨማዳ ሞተች። እንቁላሉን በመርፌ ጫፍ እየለየሁ ቆጠርኩ። ሁለት ሺህ ላይ ዐይኔ ደከመ። ከአንዲት ባቄላ!

ኅዳር 12
ተፈለፈሉ። ሲወለዱ ስድስት እግር ብቻ ነው ያላቸው። ጨርቁ ላይ ተነፈስኩ... ሁሉም ወደ እኔ ወጡ፣ የፊት እግራቸውን ዘርግተው። ትንፋሽ ያውቃሉ! ማን አስተማራቸው? ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ኅዳር 15
ቡሬ መኖ አልነካችም። ሽንቷ ደም መሰለ። የእንስሳት ሐኪሙ ናስረዲን ከዶዮገና በሞተር መጣ።
"የመዥገር በሽታ ነው። ድሮ እዚህ ደጋው ላይ እንዲህ አልነበረም እኮ።" መርፌ ወጋት። ስለ ጥጃው ግን... "እንጃ፣ እንጸልይ" ብቻ።
እማዬ ተቆጣች። "እኔ አንድ ቀን ሳልለቅም ውዬ አላውቅም!"
"የለቀሙትን የት ያደርጉታል እማማ?"
"እንሰት ሥር ነዋ።"
ዞሮ እንሰቱን አየ። እኔ ጠርሙሱ ትዝ አለኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ እያየሁ ስደነቅ ጓሯችንን አንዴ እንኳ አላሰብኩም። አስተማሪ ተብዬ! አፈርኩ።

ኅዳር 16
ጠርሙሱን ለእማዬ ሰጠኋት። "ተንፍሽበት" አልኳት። ተነፈሰች። ወጡ።
ቁጭ አለች። "እኔ ነኝ የዘራኋቸው?"
"እኔም እያየሁ፣ እማዬ።"
"ጌታ ሆይ... እንዲህ አድርገህ ነው የሠራሃቸው?" ቁጣ ይሁን አድናቆት አልለየሁም። ከዚያ የፈላ ውሃ ሞላችበት።

ኅዳር 29
ቡሬ ከቀኗ ቀድማ ወለደች። ሴት ናት። አትንቀሳቀስም። እማዬ ተንበርክካ አፍንጫዋ ላይ ተነፈሰችባት፣ ደጋግማ። መዥገሮቹ ትዝ አሉኝ። ጥጃዋ ቀና አለች። አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 6
ነጭ ጋዝ ያለበት ጣሳ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠዋት ከጥጃዬ ጆሮ ሥር አንዲት መዥገር ተገኘች። እማዬ ነቀለቻት። እጇ ወደ እንሰቱ ሊወረውር ተነሣ... ቆመ።
"ርብቃ፣ ጣሳውን አምጪ።"