መብራቱ ያላመጣው ጥላ

ሰኞ

ዛሬም ሁለት ጊዜ ተነሳችብኝ። ትከሻዋን ጨርሼ ወደ ክንዷ ስወርድ እትዬ አስካለ "ይቅርታ እህቴ፣ አንዴ ውኃ ልጠጣ" ብላ ወጣች። ተመልሳ ስትቀመጥ ጀርባዋ ሌላ ጀርባ ሆነ። ትንሽ እንደቆየች ደግሞ ሽንት ቤት። ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ይከብዳል? ሥራዋ እኮ እሱ ነው፤ ነጠላዋን አገልድማ፣ ትከሻና ጀርባዋን ገልጣ እኛ እስክንስላት መቀመጥ። ለአስተማሪያችን ለዮናስ ስሞታ አቀረብኩ። "ሰው ናት እንጂ ወንበር አይደለችም" አለኝ። ለሁሉም ያዝናል፣ ከእኔ በቀር።

ሁዳዴ ሲገባ የጀመርነው የሥዕል ትምህርት በዚህ ሳምንት ያልቃል። ስለዚህ በየቀኑ ወሰን ሰፈር ከምሠራበት ፋርማሲ ወጥቼ፣ መገናኛ ላይ ተጋፍቼ ቀበና እወርዳለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስሰማ ነው የምውለው፤ ሳል፣ ጨጓራ፣ የልጅ ትኩሳት። ቀበና ስደርስ ግን ማንም ምን እንዳመመው አይነግረኝም። የወደድኩትም ለዚህ ነው።

እስካሁን የቀናኝ፦ አንገት። ትከሻ ከሞላ ጎደል። እጅ አሁንም ሹካ ይመስላል። እግር ጭራሽ። በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈንኩ ነበር የማልፈው፤ ዮናስ ነቅቶብኛል። "ሰብለ፣ ነገ እግር ብቻ ትስያለሽ" ብሎኛል።

ማክሰኞ

እግር ሳልኩ! እትዬ አስካለ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሣጥን ላይ አሳረፈችልኝ። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው የምትኖረው፤ የሰው ቤት ልብስ ለማጠብ ያንን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ የኖረች ናት። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። ዮናስ "እግር ምን እንደሚመስል እርሺው፤ ፊትሽ ያለውን ብቻ እዪ" አለኝ። ረሳሁት። አጥንቱን፣ ጅማቱን፣ ትንሿ ጣቷ ጋ ያለውን ጥላ ሳይቀር እንዳለ ወረቀቱ ላይ አወረድኩት። ዮናስ አልፎ ሲሄድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከትምህርት ቤት ወዲህ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ ነገር ታዘብኩ። መጀመሪያ ሰሞን ትከሻዋ ድፍን ስለነበር መስመር የሚይዝበት አልነበረውም። አሁን አጥንቷ ወጥቶ እጄን ይመራዋል። ነገርኳት። "ጾሙ ነው፣ ቀለል አድርጎኛል" ብላ ሳቀች። እኔም እየጾምኩ ነው፤ ግን በዳቦና በሽሮ ጭራሽ ወፈርኩ።

ረቡዕ

የዛሬውን መጻፍ አልፈለግሁም። ቢሆንም ልጻፈው።

ዮናስ ሥራዎቻችንን ከመጀመሪያው ቀን እስከ ትናንት በተርታ ግድግዳው ላይ እንድንለጥፍ አዘዘ። "ዕድገታችሁን እዩ" ነው ነገሩ። ለጠፍን፣ ተሳሳቅን። የእኔ የመጀመሪያ ሥዕል የጤፍ ጆንያ ይመስላል። ዮናስ ትናንት የሳልኩት እግር ጋ ሲደርስ ቆመ። "ጎበዝ። ግን አንድ ስህተት አለው። መብራቱ ያለው በግራ ነው፤ የትንሿ ጣት ጥላም በግራ ነው። ከየት አመጣሽው?"

"እንደዚያ ነው ያየሁት" አልኩት።

"ሊሆን አይችልም።"

እልህ ያዘኝ። ያቺን አንዲት እግር ሊቀማኝ ነው። እትዬ አስካለን እግሯን ሣጥኑ ላይ መልሳ እንድታደርግ ለመንኳትና መብራቱን አብርቼ ተንበረከክሁ። ጥቁሩ አለ። ዮናስ መብራቱን ወደ ቀኝ አዞረው። ጥቁሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጥላ አይደለም፤ ጣቷ ነው። ቀረብ ስል ሽታው መጣ።

"ያምሻል?"

"ምኑ?"

በጣቴ ጫን አደረግሁት። "ምንም አይሰማኝም" አለች።

ያኔ ውኃው፣ ሽንት ቤቱ፣ መክሳቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባኝ። "እትዬ አስካለ፣ ስኳር አለብሽ እንዴ?"

"አለብኝ።"

"መድኃኒትሽንስ?"

"ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ እንዴት አድርጌ? ለፋሲካ እጀምረዋለሁ ብዬ ተውኩት።" የነፍስ አባቷ እንኳ ሕመምተኛ ነሽና ጾሙ ይቅርብሽ ብለዋት ነበር። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ" አለች።

ከዚያ ቀና ስትል ግድግዳውን አየች። እስከዛሬ ስለምታፍር ሥዕሎቻችንን ቀርባ አይታ አታውቅም። ተነስታ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምራ በተርታው አጠገብ ሄደች። ሰባታችንም እየከሳች ስትሄድ ስለናታል። ጎበዙም ሰነፉም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ዞራ "ይሄ እኔ ነኝ?" አለች።

ሐሙስ

ትናንት በዮናስ መኪና ሆስፒታል ወሰድናት፤ አስተኟት። ሐኪሙ እግሯን አገላብጦ አየ። የሚቆረጠው ጣት ብቻ ይሁን ከዚያም በላይ፣ ገና አልተወሰነም።

ፋርማሲ ገባሁ፣ ሥራ ነውና። አንድ ሽማግሌ የስኳር መድኃኒት ሊገዙ መጡ። እንደ ልማዴ "ጥማት አለዎት? ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብዎታል? እግርዎን በየቀኑ ያያሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ያኔ ራሴን ሰማሁ። ለማላውቀው ሰው ሳይጠይቀኝ የምለውን፣ ጾሙን ሙሉ ፊቴ ለተቀመጠች ሴት አላልኩም። እንዲያውም ውኃ ጠማት ብዬ ከሰስኳት። ማየት ተማርኩ ብዬ መኩራቴስ? አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ዮናስ ደወለ። "ሁላችንም እኮ ጾሙ ነው ብለናል" አለ ሊያጽናናኝ። "እናንተ ፋርማሲ ውስጥ አትሠሩም" ብዬ ዘጋሁበት። አሁን ሳስበው እሱም ማዘኑ ነበር።

ዓርብ

የመዝጊያው ቀን ነበር፤ አልሄድኩም። ሆስፒታል ዋልኩ።

እህቷ ከእንጦጦ ወርዳ የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ፈረመች። ፈርማ ስታበቃ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጣና በማይለቅ እስክሪብቶ የእትዬ አስካለ እግር ላይ አንድ መስመር አሰመረ። አላመነታም፣ አላጠፋም። ነገ ጠዋት ነው ብሎን ወጣ።

ክንዷ ላይ መድኃኒት ስለተሰካ ቀና ማለት አልቻለችም። "አንቺ እዪልኝ እስቲ" አለችኝ። "የት ድረስ ነው?"

ላለሳልስላት አስቤ ነበር። ፋርማሲው መስኮት ላይ ለመጣው ሁሉ "አይዞት፣ ምንም አይደል" ማለት ለምጃለሁ። ግን እግሯን ደህና አድርጌ አየሁት።

"ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ ነው" አልኳት። "ባትሽ መሐል ላይ።"

"ጉልበቴስ?"

"ጉልበትሽን አልነኩትም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

መዳፌን ከመስመሩ በላይ አሳረፍኩና ጣቶቼን እስከ ጉልበቷ ዘረጋሁ። "ስንዝር ያህል ይርቃል።"

"እንግዲያው ለስግደት ይበቃኛል" ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

እጄን ሳላነሳ ቆየሁ። የእግሯ ሙቀት ይሰማኛል። የእኔ እጅ ይሰማት እንደሆነ ልጠይቃት ፈለግሁና ፈራሁ።